«አለሁ» ያለው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው «አለሁ» ማለት ነበር።

ፕሮፌሰር ልሳነወርቅ ምሳሌውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው፤ መኮትኮቻቸውን እንኳ ከእጃቸው ሳያስቀምጡ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከጎመን መደባቸው ጋር ነው የሚውሉት። ትርሲት ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ተመራማሪዎችን የሚያግዘው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆና ከተሾመች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ሐሙስ ለጋሾች ስለሚመጡ ሕዋሳት የሚያድጉበትን ክፍል አስለቅቀሽ የእንግዳ ማረፊያ አድርጊው ተብላ ጨንቋት ነበር የመጣችው። «እንግዳና ሥራ ባንድ ቀን ቢመጡብኝ የቱን ላስቀድም?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ለጥያቄ ቶሎ መልስ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይህን ልብ በይልኝ፤ ለክፉ ሰው ዳኛ እንጂ ምሳሌ አያስፈልገውም። እንዳንቺው የአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ድጋፍ ኃላፊ ነው። ኬሚካል ጉምሩክ ሲያዝ ሄዶ ደጅ ይጠናል። ፕሮፖዛል የከበደው ወጣት ሲመጣ አብሮት ቁጭ ብሎ ያርማል። ማሽን ሲበላሽ ጠጋኙን ካለበት ፈልጎ ያመጣል። የተቸገረ ሁሉ ወደሱ ሲመጣ እጁን ደረቱ ላይ ያደርግና «አለሁ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ያለውንም ያደርጋል። ሰዉ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ «አቶ አለሁ» ይለው ጀመር፤ እሱም ስሙን ወደደው።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተመራማሪ ነበረች። የምታጠናው ካላዛርን ነው፤ ሰሊጥ ሊያጭድ ቆላ የወረደውን ሰው ሆዱን ነፍቶ ሰውነቱን አመንምኖ የሚገድለውን በሽታ። አንድ ዓመት በሽታው አንዲት የቆላ መንደር ገባና ያዙኝ ልቀቁኝ አለ። ባንድ ጎጆ ከሚያድሩ፣ በሽታውን የሚያመጣው ያው ዝንብ ከሚነክሳቸው ወንድማማቾች አንዱ ሲወድቅ ሌላው ደህና ሆኖ ይቀራል። ለምን? መልሱ ያለው ደማቸው ውስጥ ነው፤ ያውም በሽታው ገና ሲገባ በተቀዳ ደም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢቀዳ ምንም አይናገርም። እሷም ይህን ስለምታውቅ ሮጣ ደረሰች።

የመንደሩ ሽማግሌ ሰዉን ዛፍ ሥር ሰበሰቡላት። ክንዳቸውን ከመስጠታቸው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቋት። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ትኩሳት ይዞታል፣ አንዱ ጤነኛ ነው፤ የሁለቱንም ልትቀዳ ነው። ይህ ደም ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር፣ አንቺ ስትተኚ ማን ይጠብቀዋል አሏት። እሷም ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ አንድ ሰው አለ፣ «አለሁ» ካለ አለ ነው፣ እሱ ይጠብቀዋል አለቻቸው። ሽማግሌው ረኩ። እጅጌያቸውን የሰበሰቡት መጀመሪያ እሳቸው ናቸው።

ደሙ በየብልቃጡ ሆኖ ፍሪዘር ገባ። ይህ የሥጋና የቅቤ ፍሪዘር አይደለም፤ በረዶ ራሱ ቢገባበት የሚበርደው ዓይነት ነው። ዝናቡ ሳያባራ ደም ከሰጡት ብዙዎቹ ሞቱ፤ የሽማግሌው የታመመው ልጅም ሞተ። ከዚያ ወዲያ የእነዚያ ሰዎች ደም በዚህ ምድር ላይ የሚገኘው እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ብቻ ነበር።

ደም መቅዳት አንድ ነገር ነው፣ ደም ማንበብ ሌላ። ለመመርመሪያው ገንዘብ ጠፋ። ፍሪዘሩም አርጅቶ የበሩ ጎማ ላልቷል፤ በገመድ ነው የሚታሰረው። ተመራማሪዋ አቶ አለሁ ዘንድ ሄዳ አለቀሰች። እሱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የለመደውን ቃል አላት፤ እውነትም አልተኛም። ያልጻፈበት ለጋሽ፣ ያልደወለበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ድርጅት፣ በምርምር ቀናችሁ እንመጣና ሥራውን ዓይተን እንወስናለን አለ። ሰውየው ዓለሙን አየ። ባነሩን አሠራ፣ ወንበሩን ነጭ አለበሰ፣ ቆብና ከነቴራ አሳተመ፣ ምሳውን አዘዘ። የቀረ ነገር አልነበረም።

በዚያ ቀን ጎህ ሲቀድ መብራት ሄደ።

የዩኒቨርሲቲው ጄኔሬተር አንድ ነው። ከጄኔሬተሩ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ማዞሪያ ወዲህ ሲዞር ለላብራቶሪው፣ ወዲያ ሲዞር ለአዳራሹ ይሰጣል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ላብራቶሪው ላይ አድርጎ አስነሥቶት ቆየ። የእንግዶቹ መኪና ግቢው በር ላይ ሲደርስ ግን ወደ ሰውየው መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱን አይችልም። የቱ ይሁን?» አለው።

ከተማው ቆላ ቀመስ ነው፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ያፍናል። ያለ ማራገቢያ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ያለ ፕሮጀክተር አዳራሹ መጋዘን ነው። ሰውየው አሰበ። ፍሪዘር ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል ሲባል ሰምቷል። ያ የተባለው ግን ጎማው ላልላላ ፍሪዘር ነው። ተመራማሪዋ ንግግሯን እስክትጨርስ ነው አለ በሆዱ። ገንዘቡ የሚመጣውስ ለዚሁ ደም አይደል? ማዞሪያውን ለሌላ ሰው አልተወም፤ በገዛ እጁ አዞረው።

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት «አጭር ላድርገው» ብለው ጀመሩ። ልጄ፣ አጭር ላድርገው ብሎ አጭር ያደረገ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። እሳቸው ሲወርዱ ዲኑ ወጣ፣ ዲኑ ሲወርድ የከተማው ተወካይ ወጣ። ከዚያ ሻይ ቡና ተባለ። ከሻይ ቡና በኋላ በፕሮግራሙ ያልነበረ ሌላ እንግዳ «ዕድሉን ካገኘሁ አይቀር» ብሎ ተነሣ። ሰውየው በሩ አጠገብ ቆሞ ላብ አጠመቀው። ለመድረክ መሪው ጠጋ ብሎ «አሳጥርልኝ» ቢለው ይበቃ ነበር። ይሉኝታ ያዘው። ትልቅ ሰው እየተናገረ እንዴት ይቋረጣል? ሹልክ ብሎ ላብራቶሪው ሄደ፣ ገመዱን ፈትቶ ፍሪዘሩን ከፍቶ አየት አደረገ፤ ነጭ ጉም ፊቱ ላይ ቦነነ። እፎይ፣ ገና ነው አለ። ያ ጉም የቀረው ቅዝቃዜ መሆኑን አላሰበም።

በመጨረሻ ተመራማሪዋ መድረክ ላይ ወጣች። ስለዚያች መንደር ተናገረች፤ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ሁለቱ ልጆች። አዳራሹ ጸጥ አለ። የለጋሾቹ መሪ፣ ሽበት የወረሳቸው ሴት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። ይኼኔ ከግድግዳው ባሻገር አንድ ነገር መጮህ ጀመረ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ ጩኸት ነው። እንግዶቹ ተያዩ።

ሌላው ሰው አላወቀውም፤ እሷ ግን አወቀችው። ፍሪዘሩ በባትሪ የሚሠራ አላርም አለው፤ ሲሞቅ ይጮሃል። ቃሏ አፏ ላይ ቀረ። ዓይኗ ሰውየውን ፈለገ፣ በሩ ላይ አገኘው። ልትወርድ አንድ እግሯን አነሣች። ሰውየው ይህን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ርቀት ቃሉ አይሰማም፤ ግን ማን ያጣዋል? እግሯን መለሰች። አምናው ንግግሯን ቀጠለች።

እሱ ሮጠ። መጀመሪያ የደረሰው ማዞሪያው ጋ ነው። እጁን አሳረፈበት። አሁን ቢያዞረው አዳራሹ ይጨልማል፣ ማጉያው ይዘጋል፣ ሥዕሉ ከግድግዳው ይጠፋል፣ እሷም አፏን ከፍታ ትቀራለች። የደከመበት ሁሉ ገደል ሊገባ ነው። ምን ይሉናል አለ። ጩኸቱ ደግሞ ጆሮውን ይበላዋል፤ እንግዶቹም እየሰሙት ነው። ከማዞሪያው ላይ እጁን አነሣ። ወደ ላብራቶሪው ገባና የአላርሙን ቁልፍ ተጭኖ ዘጋው። ጸጥ አለ፤ እሱንም ጸጥ አለው። ተመልሶ በሩ ላይ ሲቆም ጭብጨባው ሊጀምር ነበር፤ አብሮ አጨበጨበ።

ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወጪውን ሁሉ ድርጅታችን ይሸፍናል አሉ። እልል ተባለ። ሰውየው አሁን ላዙር ብሎ ሊወጣ ሲል፣ ይህን ያዘጋጀው ሰውማ አጠገቤ ይቀመጥ ብለው ለምሳ ጠሩት። ከእንግዳ ማዕድ ጥሎ መነሣት ነውር ነው። ተቀመጠ። ሲያጎርሱትም ጎረሰ። ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙዚቃው ይጫወታል፣ የሚጮህ ነገር የለም። ምሳው ሲያልቅ ሴትዮዋ እጃቸውን ታጥበው፣ ያን ደም አሳዩኝ አሉ።

ሁሉም ግር ብሎ ተነሣ። ተመራማሪዋ ከፊት ሆና በደስታ ትመራለች፤ ሰውየው ከኋላ ነው። ገመዱን ፈትታ በሩን ስትከፍት ጉም አልወጣም። ውሃ ነው ጫማዋ ላይ የተንጠባጠበው። አንዲት ብልቃጥ አወጣችና ዘንበል አደረገቻት፤ ውስጧ ያለው ቀይ ነገር ከወዲህ ወዲያ ፈሰሰ። ሌላም አወጣች፤ ያው ነው። ወደ አላርሙ ቁልፍ ቀና ብላ አየች፤ ተጭኖ ተዘግቷል። ዞር አለችና፣ «ማነው የዘጋው?» አለች።

ሰውየው እንደ ልማዱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። የለመደው ቃል ግን አልመጣለትም። «እኔ» አለ።

ሴትዮዋ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «ገንዘቡ እኮ ለዚህ ደም ነበር» አሉና ወጡ። እንግዶቹም ተከትለው ወጡ።

ተመራማሪዋ አልሰደበችውም፤ ብትሰድበው በተሻለው ነበር። መኪና ላይ አስቀምጣ ወደዚያች መንደር ይዛው ወረደች። አንተ ንገራቸው አለችው። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አደመጡት። ስለ እንግዶቹ ነገራቸው፣ ስለ መብራቱ ነገራቸው፣ ይቅርታም ለመናቸው።

«አለሁ ይላል የተባለው ሰው አንተ ነህ?» አሉት።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ሲጮህ ሰምተኸዋል?»

«ሰምቼዋለሁ።»

ሽማግሌው የግራ እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡና ክንዳቸውን ዘረጉለት። «የእኔ ይኸው፣ ድገመኝ። በሕይወት ካለው ልጄም ቅዳ። የሞተውን ልጄን ደም ግን ከየት አምጥቼ ልስጥህ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየውን አቶ አለሁ ብሎ የጠራው የለም።

ፕሮፌሰር ልሳነወርቅ እዚህ ላይ መኮትኮቻቸውን አስቀመጡ። ትርሲት መሬት መሬት ታያለች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል» አሏት። «እሷስ የጣለችው የራሷን ነው። ያ ሰው የጣለው የሰው አደራ ነው። ለመሆኑ አስለቅቂ የተባልሽው ክፍል ውስጥ ያሉት ሕዋሳት የማን ናቸው?»

«ከካንሰር ታማሚ ሕፃናት የተወሰዱ ናቸው፣ ፕሮፌሰር።»

«ለእናቶቻቸው ምን ብላችሁ ወሰዳችሁ?»

«እኛ አለን ብለን» አለች ትርሲት።

«እንግዲያው ምኑ ጠፋሽ?» አሉ፤ ቆጣ ብለው ነው። «አዳራሹ እንግዳ ነው፣ ፍሪዘሩ አደራ ነው፤ ማዞሪያው ደግሞ አንቺ ነሽ። እንግዶችሽን ዋርካው ሥር አስቀምጫቸው፤ ጥላ ሞልቷል። ለምን እዚህ ሆነ ቢሉሽ፣ ክፍሉ ውስጥ የሰው ልጆች ስላሉ ነው በያቸው፤ ይህን ሰምቶ የሚቀየም ለጋሽ ቀድሞም ለሥራው አልመጣም። አለሁ ለማለትም አትቸኩዪ። ካልሽ ግን ከሚጮኸው ዘንድ ተገኚ፤ ከሚያጨበጭበው ዘንድ ሁልጊዜም ሰው ሞልቷል።»