ሺህ ፍሬ ገብስና ጸጥ የማይለው ሚዛን

ቀረብ በሉማ፣ ይቺን ሳትሰሙ አትሂዱ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ዘር በሚመረመርባት ክፍል፣ አንጓች የምትባል ልጅ ትሠራ ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፏት ባል አላማራት፣ ወርቅ አላማራት፤ ያማራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባቷን ገብስ ክብደት ማወቅ። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "የእኔን ጥቁር ገብስ የሚያህል ከባድ የለም" እንዳሉ፣ ሰው እንደሳቀባቸው ሞቱ። የቀረው አንዲት ትንሽ ጣሳ ዘር ነው። አለቃዋ ደግሞ፣ "ሺህ ፍሬውን ሦስቴ መዝነሽ ሦስቴ አንድ ቁጥር ካላመጣሽ ገብሱ ከዘሮች ዝርዝር ይወጣል፤ እስከ ዛሬ ማታ ነው" ብሏታል።

"ቀሎ ቢገኝም ይሁን" ትላለች ለብቻዋ፤ "ብቻ እውነቱን ልወቅ።"

ሺህ ፍሬ ቆጥራ ሚዛኑ ላይ አኖረች። አንዴ አርባ ስድስት ግራም፣ አንዴ ሃምሳ አንድ።

"አንተ ሚዛን፣ ምናለ ጸጥ ብትል?"

"ጠረጴዛው እያንቀጠቀጠኝ?" አለ ሚዛኑ።

"አንተ ጠረጴዛ፣ ሚዛን ጸጥ አይል፣ የአባቴ ገብስ አይታወቅ! እባክህ ርጋ።"

"ወፍጮው እያራደኝ?" አለ ጠረጴዛው።

ወደ ባለወፍጮው ሮጠች። "ጋሽ ሞላልኝ፣ ጠረጴዛ አይረጋ፣ ሚዛን ጸጥ አይል፣ የአባቴ ገብስ አይታወቅ! ወፍጮውን ለጥቂት ያቁሙልኝ።"

"አንጓችዬ፣ ባቆመው እነዚህ ወረፋ የያዙ ሴቶች በቁሜ ይበሉኛል። እነሱን ለምኚ።"

ወደ ወረፋው ዞረች። "እናቶቼ፣ ወፍጮ አይቆም፣ ጠረጴዛ አይረጋ፣ ሚዛን ጸጥ አይል፣ የአባቴ ገብስ አይታወቅ! ጥቂት ታገሡኝ።"

"ቁጥር ይበላል እንዴ?" አለች አንዷ። "ፊተኛዋ እማማ የውብዳር ናቸው። እሳቸው ከታገሡ እንታገሣለን።"

"እማማ የውብዳር፣ ሴቶች አይታገሡ፣ ወፍጮ አይቆም፣ ጠረጴዛ አይረጋ፣ ሚዛን ጸጥ አይል፣ የአባቴ ገብስ አይታወቅ!"

እማማ ከተቀመጡበት ጆንያ ላይ ቀና አሉ። "ጥቁሩ ገብስ? በሙሽርነቴ የቆላሁት? ዘሩ ከጠፋብን ስንት ዘመኑ! እፍኝ ስጪኝና ልዝራው፤ እስከ ማታ እታገሥልሻለሁ።"

አንጓች ጣሳውን አየች። ሺሁ ፍሬ ወጥቶ የቀረው እፍኝ ብቻ ነው። ገለበጠችላቸው። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

እማማ ቢታገሡ ሴቶቹ ታገሡ፤ ሴቶቹ ቢታገሡ ወፍጮው ቆመ፤ ወፍጮው ቢቆም ጠረጴዛው ረጋ፤ ጠረጴዛው ቢረጋ ሚዛኑ ጸጥ አለ። በመስኮት ያላየ ሰው የለም።

አርባ ዘጠኝ። አነሣች፣ መለሰች፤ አርባ ዘጠኝ። አሁንም አነሣች፣ መለሰች፤ አርባ ዘጠኝ! ከዝርዝሩ ሁሉ ከባዱ አርባ አራት ነበር።

"አባዬ" አለች። ጻፈች።

ወዲያው ወፍጮው ተነሣ፣ ቁጥሩም ይዘል ጀመር። ይዝለል! ተጽፏል። ወሬው ይኸው፤ እናንተ ደግሞ መዝኑት።