ኤሊና ቤት አፍራሹ ዝንጀሮ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ለማለት እስካሁን ፈቃድ አይጠየቅምና በሉ እንጂ።

ኤሊ ወንዝ ዳር ሣር ስትነጭ አያ ዝንጀሮ ከተፍ አለ። ከተሾመ ወዲህ ትእዛዝ አክባሪ ሆኖ፣ ለማስነጠስ እንኳ የበላይ አካል ያስፈቅዳል ይባላል።

«እትዬ ኤሊ፣ ጀርባሽ ላይ ያለው ቤት ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። አድራሻ የሌለው ቤት ይፍረስ ተብሏል» አለና ድንጋይ አነሳ።

«ኧረ አያ ዝንጀሮ፣ የተወለድኩበት ቤት ነው። ቢሮ ሄጄ ላመልክት።»

«ቢሮ ቤት ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«ደጅ ትቼው ብገባስ?»

«ደጃችን ላይ ቤት ማቆምማ ጭራሽ ያሳስራል።»

ኤሊ ጨነቃት። «ለመሆኑ ባለቤት በሌለበት ታፈርሳላችሁ?»

«ምን በወጣን! ባለቤት ቆሞ ካላየ አይፈርስም፤ መመሪያ ነው» አለ ኮራ ብሎ።

ይህን ስትሰማ ኤሊ ራሷንም እግሯንም ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች። ዝንጀሮ በድንጋዩ አንኳኳ።

«እትዬ ኤሊ፣ ብቅ በይና እናፍርሰው።»

ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መለሰለት። «እትዬ ኤሊ የሉም፤ ስብሰባ ገብተዋል። ነገ ተመለስ።»

ስብሰባ ሲባል ዝንጀሮ ድንጋዩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። ስብሰባ አይደፈርማ። አለት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ጀመር። በማግሥቱ ቢያንኳኳ ያው መልስ፣ በሳምንቱም ያው መልስ። እሱ ሲያንቀላፋ ኤሊ ብቅ ብላ ሣሯን ትነጫለች። እንዲህ ሲጠብቅ ሲጠብቅ የመቀመጫው ጠጉር አልቆ ተላጠ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልበቀለለትም።

ተረቴን እዚህ አወረድኩ፤ ዳቦ ያለው አፌን ያብስ።