የቦይ አፋፍ ጥቁር እጆች

ቦይ አፋፍ በምትባለው የቆላ መንደር የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍለው ሰው «የውሃ አባት» ይባላል፤ እርሱ በሚመረጥበት ቀን ሴቱም ወንዱም፣ መነኩሴው ሳይቀር፣ ከድስት ቂጥ በተፋቀ ጥላሸት እጁን አጥቁሮ ነው ወደ መምረጫው ጎጆ የሚገባው። እንግዳ ሲያይ ይስቃል። ይሳቅ፤ ነገሩን ቢያውቅ ግን አይስቅም ነበር።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን ባላምባራስ ሽበሺ የሚባል የውሃ አባት ነበር። ውሃው በእጁ ስለነበር የሁሉም ነፍስ በእጁ ነበር፤ ፊቱን ያዞረበት ሰው ማሳ በአንድ በጋ ይከስላል። ጓንጉል የተባለ ገበሬ በአደባባይ ተነስቶ «ይህ ሰው ይውረድልን» ቢል፣ ሳይሰነብት ቦዩ ውስጥ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ ተገኘ፤ ባላምባራስም «ሰክሮ ነው፤ የሚያለቅስለት ቢኖር ውሃ አያገኝም» ብሎ አስለፈፈ። የጓንጉል እህት የሻረግ እንኳ ለልጆቿ ጉሮሮ ፈርታ እንባዋን ዋጠች። ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት የባላምባራስን ስም የሚያነሱት በራቸውን ዘግተው በሹክሹክታ ነበር።

በኋላ ሽማግሌዎች እግሩ ላይ ወድቀው፣ ሰው ሁሉ ተደብቆ ይምረጥ ብለው ለመኑት ይባላል፤ በጨለማ ጎጆ ውስጥ ሁለት እንስራ ይቀመጥ፣ «ይቆይ» የሚል በቀኙ፣ «ይውረድ» የሚል በግራው እንስራ እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ጠጠሩን ቀስ አድርጎ ያኑር አሉት። ባላምባራስ «ይሁን፣ እኔ ምን ገዶኝ!» አለ። ሰዉን ያስፈራው ቶሎ እሺ ማለቱ ነው።

ቀኑ ሲደርስ ቀድሞ የሚገባ ጠፋ። በመጨረሻ የሻረግ ገባች፤ ጠጠሯንም በግራው እንስራ አኖረች። ስትወጣ ግን እጇ ያሙለጨልጫል፤ በነጠላዋ ስር ሰርቃ ብታየው በቅቤ የተለወሰ ጥላሸት ተለቅልቋል። ባላምባራስ ደጅ ተቀምጦ «ሁላችሁም ስትጨርሱ እየመጣችሁ እጃችሁን ትሰጡኛላችሁ፤ እስከዚያ ከዚህ ንቅንቅ የለም!» ሲል ሰማችው። የግራውን እንስራ አፍ ያስቀባው እርሱ መሆኑ ያኔ ገባት።

ብትናገር እዚያው ያስይዛታል፤ ዝም ብትል ከእርሷ ጋር የተሰለፈው ሁሉ ያልቃል። ለሕዝቡ ንፍሮ የተቀቀለበት ድስት ከእሳት ወርዶ አጠገቧ ነበርና፣ ሄዳ ቂጡን በሁለት እጇ ዳበሰች፣ ፊቷንም ጥላሸት ለቀለቀችና «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ አንቺ?» አለ ባላምባራስ።

«ወንድሜን አላለቀስኩትም ጌታዬ። ዛሬ ላልቅሰው።»

ማንም አልተነቃነቀም። የተሰለፈው ሁሉ መሬት መሬት ያያል፤ እርሷ ብቻዋን ቆማ ታለቅሳለች። ኧረ የዚያች ሰዓት ፍርሃትስ ለጠላትም አይስጥ! ከዚያ ዘርትሁን የምትባል ጎረቤቷ ከሰልፉ ወጥታ እጇን ድስቱ ላይ አሳረፈችና አብራት አለቀሰች፤ ሌላዋም ተከተለች፣ ወንዶቹም እየመጡ ዳበሱ፤ ባላምባራስን የሚወዱት ሳይቀሩ ከለቀስተኛው ላለመለየት ሲሉ ዳበሱ። ሲገቡም እጃቸው ጥቁር፣ ሲወጡም ጥቁር። ባላምባራስ ማንን ይያዝ?

እንስራው ሲገለበጥ የግራው ጠጠር በለጠ፤ ሰውየውም በዚያው ሳምንት አገር ጥሎ ሄደ ይባላል። ይሁን እንጂ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ይዘው «ይቆይ ያሉት እነማን ናቸው? አውጡልን!» ብለው ተነሱ። የሻረግ በመምረጫው ጎጆ በራፍ ላይ ቆማ «እኔ የፈራሁትን ማንም አይፈራም፤ ሂዱ ወደየቤታችሁ» አለቻቸው። እነርሱስ ማንን ሊያወጡ፣ የሁሉም እጅ ጥቁር ነው።

በቅርቡ አንድ ሹም መጥቶ «ይህ ቆሻሻ ልማድ ይቅር» ብሎ ጎጆው ደጃፍ ላይ ውሃና ሳሙና አስቀምጦ ነበር። ሰዉ እያለፈ ሹሙን በአክብሮት እጅ ነሳው፤ ውሃው ግን እስኪመሽ እንደጠራ ዋለ።