ሰው አለው

አንዲት ሴት እሁድ ከሰዓት ወደ ከተማው ትልቁ የባህል አዳራሽ ሄደች። ልጇ ሰብለ እዚያ መድረክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ክራር ልትጫወት ነው። ሴትየዋ ቀድማ ገባችና መሃል ላይ ጥሩ ቦታ ያዘች። ከዚያስ ምን አደረገች? ሻርፗን አውልቃ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ጣል አደረገችው። የምትጠብቀው ሰው ኖሮ ነው? ማንም የለም! እንዲያው ዘና ብላ ለመቀመጥ ነው። አትሳቁ፤ ታውቁታላችሁ።

አንዲት ነፍሰ ጡር መጣች። «እናቴ፣ ሰው አለው?»

«ሰው አለው።»

ከዘራ የያዙ አዛውንት መጡ። «ልጄ፣ ይሄ ሰው አለው እንዴ?»

«ሰው አለው፣ አባባ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሦስተኛ የመጣችው ታናሽ እህቷ ዘርፌ ነበረች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ፣ «ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ አንቺ የት ነበርሽ?» ተባብለው አራት ዓመት ተኳርፈዋል። ዘርፌን የጠራቻት ሰብለ ናት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ፈልጋ።

«እትዬ፣ ሰው አለው?» አለች ዘርፌ።

ሴትየዋ ዓይኗን ከመድረኩ ሳትነቅል፣ «ሰው አለው» አለቻት። አንጀቷ አልራራም።

መብራቱ ጠፋ። ክራሩ ተጀመረ። ያን ጊዜ አጠገቧ ያለው ወንበር ሲጥ አለ። ሲነሱ በራሱ የሚታጠፍ ዓይነት ወንበር ነው፤ ካልተቀመጡበት አይዘረጋም። ተዘረጋ! አንድ ነገር ክንዷን ነካት። ዞራ ማየት ፈራች።

«ይቅርታ፣ ሰው አለው» አለች በሹክሹክታ።

«ማን?» አላት አንድ ድምፅ ከጨለማው ውስጥ።

«ሰው... ሰው አለው።»

«ማን?»

ወገኖቼ፣ ድምፁ የራሷ ድምፅ ነበር። ቁርጥ የራሷ!

የመጀመሪያው ዜማ አልቆ መብራቱ ሲበራ ወንበሩ ታጥፏል፤ ማንም የለም። ሰብለ መድረኩ ላይ ክራሯን አቅፋ ቆማለች። የምታየው ግን እናቷን አይደለም፤ ከእናቷ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር ነው። እንባዋ ይወርዳል።

ሴትየዋ ብድግ አለች። የሰው እግር እየረገጠች ወጣች። ዘርፌን ከኋላ፣ በሩ ሥር፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኘቻት።

«ዘርፌ፣ ነይ ተቀመጪ።»

«ሰው አለው አላልሽም?»

«አለው። አንቺ ነሽ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።»

ተያይዘው ተመለሱ። ዘርፌ ቁጭ እንዳለች ደንገጥ አለች። «እትዬ፣ ወንበሩ ይሞቃል እኮ። ማን ተቀምጦበት ነበር?»

ሴትየዋ ሻርፗን ከወንበሩ መደገፊያ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

እናንተስ፣ ያንን ቦታ ለማን ነው የያዛችሁት? ገበታችሁ ላይ፣ ቤታችሁ ውስጥ፣ ልባችሁ ውስጥ? ስንቱን ወንድማችሁን «ሰው አለው» ብላችሁ መለሳችሁት? ለስንት ዓመት? ያ ድምፅ «ማን?» ብሎ የጠየቃችሁ ቀን ምን ልትሉት ነው? ወንበሩስ ሰው አለው እንበል። እናንተ ሰው አላችሁ ወይ?

በሉ፣ ስብከቱን እዚህ ላይ ላቁመው። ከዚህ ሆኜ ቦርሳ የተቀመጠባቸው ወንበሮች ይታዩኛል። በር ላይ የቆሙትም ይታዩኛል።

ቦርሳውን አንሱት። እጠብቃለሁ።