አያ ጅቦ በአፍንጫው የመረጠው ታንኳ

አንድ ጊዜ፣ ሽርሽር የሚባለው ነገር ጅብ ቤት ድረስ በገባበት ዘመን፣ አያ ጅቦ ሚስቱንና ሦስት ግልገሎቹን ሐይቁ መሃል ወዳለችው ደሴት ሊያንሸራሽር አሰበ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል። ይኼኛው እንኳ ሩቅ አልሄደም፤ የተዋረደው እዚያው ሰፈሩ ነው።

ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚያከራይ ቀበሮ ነበር። ያለው ሁለት ታንኳ ነው። ሁለቱም ከደንገል የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ከዛፍ ልጣጭ በተገመደ ልጥ የታሰረ፣ ሌላው በበሬ ቆዳ ጠፍር የተጠፈረ።

«ልጆቹ ዋና አይችሉም፤ ደህና አድርገህ ምረጥ» አለች ሚስቱ እመት ጅቢት።

አያ ጅቦ እየዞረ አሸተተ። የልጡን አንዴ አሽትቶ ተወው። የጠፍሩ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

«ይኼ ጠንካራ ነው» አለ ለሃጩን እየጠረገ።

«በምን አወቅህ?»

«ሸተተኝ።»

እመት ጅቢት ወደ ቀበሮው ዞረች። «አቶ ቀበሮ፣ እርስዎ የትኛውን ይመርጡልናል?»

«ማሰሪያቸውን የሚነካ ከሌለ ሁለቱም አይሰጥሙም፣ እመቤቴ» አለ ቀበሮ። «ኪራይም አልጠይቅም። ታንኳዬን እስክትመልሱ ድረስ ግን ጉድጓዳችሁ መያዣ ይሁነኝ።»

ጉድጓዱን የቆፈረው የአያ ጅቦ አባት ነው። ከዝናብም ከውሻም ያስጥላል፤ ግልገሎቹም የተወለዱት እዚያው ነው። እመት ጅቢት «ኧረ እናስብበት» ልትል አፏን ስትከፍት ባሏ «ይሁን» ብሎ ታንኳው ላይ ወጥቶ ነበር።

ስንቃቸው አንድ የፍየል ጭን ነበር። ስንቁ ሐይቅ አላየም፤ አያ ጅቦ ሲጭነው በልቶታል።

ደሴቲቱ መታየት ስትጀምር የአያ ጅቦ ሆድ ጮኸ። መቅዘፊያውን አስቀመጠና የታንኳውን ጠፍር ላሰው።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለች ሚስቱ።

«እያጠበቅሁ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ቋጠሮው አልነበረም።

«እዚህ ጋ ያለው ትርፍ ነው» አለ እያኘከ። «ቀበሮ ዝም ብሎ ቆዳ ያባክናል።»

ግልገሎቹ አባታቸውን እያዩ የሚያድጉ ጨዋ ልጆች ናቸው። እነሱም በየፊናቸው ትርፍ አገኙ። እመት ጅቢት «ተዉ» እያለች የአንዱን አፍ ስትይዝ ሌላው ይጎርሳል። በመጨረሻ ደንገሉ ቀስ ብሎ ተበተነና ቤተሰቡ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገባ። እመት ጅቢት ትንሹን በማጅራቱ አንጠልጥላ አንድ ነዶ ደንገል ላይ ተንጠለጠለች፤ አያ ጅቦና ሁለቱ ግልገሎችም ሌላ ነዶ ያዙ። በዕድሜዋ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

በልጥ የታሰረውን ታንኳ፣ ሌላ ፈላጊ ስላልነበረው፣ አህያ ወስዳው ውርንጭላዋን እያንሸራሸረች ነበር። ጅቦቹን ስታይ ታንኳዋን ወደ ኋላ አዞረች። የግልገሎቹ ለቅሶ ግን አላስቀዝፍ አላት። እሷም እናት ናት።

«ገመድ እወረውራለሁ» አለች ከሩቅ። «ሁላችሁም በጥርሳችሁ ንከሱት። አፉን የከፈተ ይሰጥማል።»

«የምን ገመድ ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«ልጥ ነው።»

«አውቀዋለሁ፣ አሽትቼዋለሁ» አለና እያዘነ ነከሰው።

እንዲህ ሆኖ የጅብ ቤተሰብ በአህያ ተጎትቶ ዳር ደረሰ። አህያም እነሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ ውርንጭላዋን ይዛ ሮጠች።

ቀበሮ የጉድጓዱ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር።

«እንኳን በደህና መጣችሁ። ታንኳዬስ?»

አያ ጅቦ ሆዱን አየ።

«እንግዲያው መያዣዬን ይዣለሁ» አለ ቀበሮ፣ ገባም።

ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ጀመረ። ግልገሎቹ እየተንቀጠቀጡ እናታቸው ሥር ተወሸቁ።

«አባትህ የቆፈረውን ቤት በላኸው» አለች እመት ጅቢት።

አያ ጅቦ ብዙ አሰበ።

«ታዲያ ለምን አልጠገብኩም?» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጆቹን የሚያሳፍርበትን ታንኳ በሆዱ የመረጠ አባት ታንኳውንም ቤቱንም ጨርሶ ከረሃቡ ጋር እንደሚቀር ነው።