ጆይስቲኩ አልነዳ ሲል

ተረት ልጀምር ነው፤ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያምጣ፣ ጌም የያዘው ለአፍታ ያቁምልኝ። የኔ ተረት እንደ ባቡር ፉርጎ አንዱ ከአንዱ እየተቀጠለ ይረዝማልና ትንፋሻችሁን ቆጥቡ።

ኮምቦልቻ ውስጥ ኢድሪስ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሰዓዳ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችው። ኢድሪስ አንድ ቀን ጎማ ሲቀይር ክሪኩ ተንሸራተተና ቀኝ እጁን ጨፈለቀው። ጀሶው ከተፈታለት ሁለት ወር ሆኖታል፤ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቹ ግን አልታዘዝ አሉ። የሚታዘዘው አውራ ጣቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ "አሠራቸው፤ ካላሠራሃቸው ይደርቃሉ" ብሎት ነበር። እሱ ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምን ትበላለህ ሲሉት ምንም፣ ማን ይምጣልህ ሲሉት ማንም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን፣ ከግድግዳው ዞር እንኳ ሳይል፣ "ሰዓዳ፣ ያ የመድፍ መኪና ጌም አሁንም አለ?" አላት።

ሰዓዳ የያዘችው ሳህን ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። በሁለት ወር ውስጥ "እፈልጋለሁ" ሲል የመጀመሪያው ነዋ! "አለ! አልሐምዱሊላህ፣ አለ!" ብላ አሮጌውን ኮምፒውተር ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። አቧራውን በሻሿ ጠርጋ ሰካችው። ኮምፒውተሩ እያቃሰተም ቢሆን ተነሣ። ልጆች ሳሉ ሲጫወቱት የኖሩት ጌም ነው፤ ጣራቸው ላይ መድፍ የተጠመደባቸው መኪኖች በረሃ ለበረሃ እየተሳደዱ ይታኮሳሉ። ለሁለት አንድ ኪቦርድ ነበራቸው፤ እሷ በግራ በኩል በፊደሎቹ፣ እሱ በቀኝ በኩል በቀስቶቹ።

ኢድሪስ እጁን ቀስቶቹ ላይ አሳረፈ። አንዱን ልጫን ሲል አራቱንም ተጫነ። መኪናው ዓለት ላይ ተላተመና ተቃጠለ።

"ኪቦርድ ለኔ አይሆንም" አለ። "ጆይስቲክ ቢሆን በሁለት መዳፌ አቅፌ በአውራ ጣቴ እነዳው ነበር። ተይው በቃ።"

ይህችን "ተይው በቃ" ሰዓዳ በደንብ ታውቃታለች። ዛሬ ካልተጫወተ ነገ አይጠይቅም፤ ካልጠየቀም ጣቶቹ እንደ ደነዘዙ ይቀራሉ። "አልተወውም! ጆይስቲክ ይዤ መጣሁ!" ብላ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች።

ሙስጠፋ ጌም ቤት ደረሰች። ጎረምሶቹ ኳስ እየተጫወቱ "ተሸናፊ ይነሣ!" እያሉ ይጯጯሃሉ። ሰዓዳ ጩኸታቸውን አልፋ ለሙስጠፋ ነገረችው፤ "ኢድሪስ መጫወት ፈለገ፤ ጣቱ አልታዘዝ አለ።"

"ኢድሪስ? ፈለገ?" አለ ሙስጠፋ። ወዲያው መሳቢያውን ጎልጉሎ ገመዱ የተጠመጠመበት አሮጌ ጆይስቲክ አወጣ። "አዲሶቹ የናንተን ኮምፒውተር አያውቁትም፣ እቱ። የሚሆንሽ ይሄ ነው፤ ውሰጂው፣ ያንቺው ነው። ብቻ ገመዱ እመሰኪያው ጋ ተቆርጧል። ካልተበየደ አይነዳም።"

"አላህ ይስጥልኝ" አለች ሰዓዳ። የተቆረጠ ነገር ተሰጥቷት እንዲህ የምታመሰግን ሰው ሙስጠፋ አይቶ አያውቅም።

ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ አስናቀ ዘንድ ሄደች። "ጋሽ አስናቀ፣ ጉዴን ይስሙኝ። ኢድሪስ መጫወት ፈለገ፤ ጣቱ አልታዘዝ አለ። ጣቱ አልታዘዝ ቢል ጆይስቲክ አገኘሁ፤ ጆይስቲኩ አልነዳ አለ። ይበይዱልኝ።"

ጋሽ አስናቀ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው ገመዱን አዩት። "ይቺማ የሁለት ደቂቃ ሥራ ናት፣ ልጄ። ግን መበየጃዬ አልግል አለ። የኔና የጎረቤቴ የብዙነሽ ቆጣሪ አንድ ነው። እሷ ካውያዋን ሰክታ እኔ መበየጃዬን ከሰካሁ መብራቱ ድርግም ይላል። ካውያው ይነቀልና ያንቺን በነፃ እሠራዋለሁ።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ" ብላ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ብዙነሽ አጠገባቸው ናቸው።

"እትዬ ብዙነሽ፣ እባክዎን ካውያውን ይንቀሉልኝ። ኢድሪስ መጫወት ፈለገ፤ ጣቱ አልታዘዝ አለ። ጣቱ አልታዘዝ ቢል ጆይስቲክ አገኘሁ፤ ጆይስቲኩ አልነዳ አለ። ጆይስቲኩ አልነዳ ቢል ጋሽ አስናቀ ዘንድ ወሰድኩት፤ መበየጃው አልግል አለ።"

"አስናቀ ነው የላከሽ?" አሉ እትዬ ብዙነሽ፣ ግድግዳውን በአገጫቸው እያመለከቱ። "ባለፈው 'አንድ ደቂቃ' ብሎ አስነቅሎኝ አራት ሬዲዮ በየደበት! ነገ ሠርግ ነው፤ ዘጠኝ የሚዜ ቀሚስ አለብኝ። ስምንቱን ጨርሻለሁ። ዘጠነኛው ሳይተኮስ ይሄ ካውያ አይነቀልም። ዘጠነኛውን ልጨርስ ብል ደግሞ ጥለቱ አልመጣ አለ። ካርቶኑ ከትናንት ጀምሮ ገበያው ጋ ሾፌሩ ፋንታሁን መኪና ላይ ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ኢድሪስ ግን ተሻለው እንዴ?"

"ዛሬ አንድ ነገር ፈለገ፣ እትዬ።"

"እሰይ! በይ ጥለቱን አምጪልኝ" አሉና እንዳትራብ ብለው እፍኝ ሙሉ ቆሎ እጇ ላይ ዘገኑላት። ሰዓዳ አመስግና ቆሎዋን እየቆረጠመች ወደ ገበያው ሮጠች።

ፋንታሁን የመኪናው ጎማ ሥር ቁጢጥ ብሎ ጭንቅላቱን ይዟል። ሰዓዳ ትንፋሿን ሰብስባ ጀመረች፤ "ፋንታሁን፣ ኢድሪስ መጫወት ፈለገ፤ ጣቱ አልታዘዝ አለ። ጆይስቲክ አገኘሁ፤ ጆይስቲኩ አልነዳ አለ። ጋሽ አስናቀ ዘንድ ሄድኩ፤ መበየጃው አልግል አለ። እትዬ ብዙነሽ ዘንድ ሄድኩ፤ ካውያው አልነቀል አለ። ለምን ብል ጥለቱ አልመጣ አለ። ጥለቱን ስጠኝ!"

"ጥለቱ አለ" አለ ፋንታሁን። "ግን የኋላ በሩ አልከፈት አለ።"

"ምን ሆኖ?"

"ሌባ እንዳይከፍተው ብዬ ትናንት ኋላዋን ከመጋዘኑ ግድግዳ ጋር አጣብቄ አቆምኳት።"

"ብልህ ነህ።"

"እስከ ትናንት ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት ወደ ፊት ፈቀቅ ላድርጋት ብል ማርሹ ከኋላ ማርሽ አልወጣ አለ። ወደ ፊት እንዳልሄድ ማርሽ፣ ወደ ኋላ እንዳልሄድ ግድግዳ። ሌባውንም እኔንም እኩል ከለከለችን።" በሁለት እጁ ጎትቶታል፣ ዘይት አጠጥቶታል፣ ሰድቦታል፣ ለምኖታል፤ ማርሹ ወይ ፍንክች።

ሰዓዳ ቀና ብላ ጋቢናውን አየችው። በሩ ላይ ያለውን ጭረት አወቀችው። "ይቺ የኢድሪስ መኪና አይደለችም እንዴ?"

"እሷው ናት። ዘጠኝ ዓመት የነዳት እሱ ነው፤ ጠባይዋን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።" ፋንታሁን አንገቱን ደፋ። "ስረከባት ስለ ማርሿ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። እጁን እንዲያ ሆኖ ማርሽ ማርሽ እያልኩ ላስከፋው? አፍሬ ተውኩት።"

ሰዓዳ "አላህ ይስጥልኝ!" ብላ ወደ ቤት ሮጠች። ፋንታሁን የተመሰገነበት ነገር ምን እንደሆነ አልገባውም፤ ለእሷም ገና በደንብ አልገባትም ነበር።

ኢድሪስ ፊቱን መልሶ ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ ጀመረች፤ "ኢድሪስዬ፣ ስማኝ። ማርሹ ካልወጣ መኪናዋ አትንቀሳቀስም፤ መኪናዋ ካልተንቀሳቀሰች በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ ጥለቱ አይመጣም፤ ጥለቱ ካልመጣ ካውያው አይነቀልም፤ ካውያው ካልተነቀለ መበየጃው አይግልም፤ መበየጃው ካልጋለ ጆይስቲኩ አይነዳም፤ ጆይስቲኩ ካልነዳ አንተ አትጫወትም!"

ኢድሪስ ቀስ ብሎ ዞረ። "የትኛው ማርሽ?"

"ያንተው መኪና።"

"ፋንታሁን በጉልበት ጎተተው፣ አይደል?"

"በሁለት እጁ።"

"ሞኝ! እሷ ጉልበት አትወድም!" አለ ኢድሪስ። ዓይኑ በራ። "መጀመሪያ በመዳፍ ወደ ታች ጫን፣ ከዚያ ወደ ራስ ሳብ፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቀቅ፣ እና ልክ እንደዚህ..." ቀኝ እጁ በአየር ላይ ማርሹን ይፈልግ ጀመር።

"ንገረኝና እኔ ልንገረው።"

"ይሄማ አይነገርም። ጫማዬን አምጪልኝ።"

ጫማውን ያሰረችለት እሷ ናት። ክሩን እንባዋ ለምን እንዳረጠበው ግን አልጠየቃት።

ኢድሪስ ጋቢናው ውስጥ ወጥቶ ተቀመጠ። ግራ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ፣ ቀኝ መዳፉን የማርሹ እራስ ላይ አደረገ። ጣቶቹ ተዘርግተው ቀሩ። ጫን አለ፤ ምንም። ፋንታሁን ከውጭ "ላግዝህ?" ሊል አፉን ሲከፍት ሰዓዳ ክንዱን ያዘችው። ኢድሪስ እንደገና ጫን አለ፣ ወደ ራሱ ሳበ፣ ማርሹ ሊያመልጠው ሲል ጠቋሚ ጣቱ ጠምዘዝ ብላ ያዘችው። ከዚያም መሃለኛዋ። ቀጭ!

ማርሹ ወጣ። ማርሹ ቢወጣ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች፤ መኪናዋ ብትንቀሳቀስ በሩ ተከፈተ፤ በሩ ቢከፈት ጥለቱ መጣ። ጥለቱ ቢመጣ እትዬ ብዙነሽ ቀሚሱ ሳይተኮስ ካውያውን በገዛ እጃቸው ነቀሉት፤ "እስክሰፋው ድረስ ይበይድልሽ፣ ለኢድሪስ ስል ነው!" አሉ፣ ግድግዳው እንዲሰማ ጮክ ብለው። ካውያው ቢነቀል መበየጃው ጋለ፤ መበየጃው ቢግል ገመዱ ተቀጠለ። ጋሽ አስናቀ በእውነትም ሁለት ደቂቃ ብቻ ፈጀባቸው፤ አራት ሬዲዮ ደርድረው ሳሉ አንዱንም ሳይነኩ መበየጃቸውን ነቀሉ።

ከሰዓት በኋላ ወንድምና እህት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። እሷ በግራ በፊደሎቹ፣ እሱ ጆይስቲኩን በሁለት መዳፉ አቅፎ። መኪናው ዓለቱን ዞረ፣ አሸዋውን አቦነነ፣ መድፉ አጓራ። ኢድሪስ ሳቀ። ያንን ሳቅ ሰዓዳ ከሰማች ቆይታለች፤ እሱን ስትሰማ መሪዋን ሳተችና ተመታች።

"ተሸናፊ ይነሣ!" አለ።

"አልነሣም!"

"እሺ፣ ተቀመጪ።" ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። "አንቺ በዚህ ንጂ። ቀስቶቹን ለኔ ልቀቂ።"

"ይሄን ሁሉ ዞሬ አምጥቼልህ?"

"ይሄን ሁሉ ስለዞርሽልኝ ነው" አለ። "ሰው ሁሉ ምን እንስጥህ ይለኝ ነበር። ና ስጠን ያለኝ ያ ማርሽ ነው።"

ጠቋሚ ጣቱን ወደ ላይ የምታመለክተዋ ቀስት ላይ አሳረፈና ጫናት። እሷን ብቻ። መኪናው ወደ ፊት ሄደ።

ሰዓዳ በሆዷ ምስጋናዋን ትቆጥር ጀመር፤ ሙስጠፋን አመሰገነች፣ ጋሽ አስናቀን አመሰገነች፣ እትዬ ብዙነሽን ከነቆሏቸው፣ ፋንታሁንን ከነግድግዳው፤ ከሁሉም አብልጣ ግን ያንን አልወጣ ያለ ማርሽ አመሰገነች። በዚህ መሃል ኢድሪስ መኪናዋን አቃጠለባት።

የኔ ተረት እዚህ ላይ ተነቀለ፤ መብራቱን ለቅቄላችኋለሁ፣ ባለ ተራው ይሰካ።