ጌጁ አላነብም ያለ ለት

ነገሩን ከሰማሁ ቆይቷል፤ ቀኑን ወይም የአንዳንዱን ነገር ተራ ባሳስት አትፍረዱብኝ። ደርበው የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት ከባቲ ኮምቦልቻ ሲመላለስ የሞተሩን ሙቀት የሚያውቀው በጆሮው ነው። ድምፁ ሲሻክር ይቆማል፣ ሲለሰልስ ይነዳል። በዚያ ዓመት ግን ጆሮው ከዳው። ለማንም አልተናገረም፤ አይሰማም ከተባለ ጭነት የሚሰጠው የለም። ዝም ቢልም አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ ይነድበታል፤ ያለችው ደግሞ ያቺው አሮጌ መኪና ናት። ስለዚህ አንዲት ነገር ተመኘ፤ በዓይኑ የሚያየው የሙቀት ጌጅ።

ጌጁን ገዝቶ መንገዱ ላይ ባለችው ገርባ መካኒኩ ኑርዬ ጋራዥ ወሰደው። ኑርዬ ሳቀበት፤ ሞተር በጆሮው የሚያነብ ሰው ጌጅ ምን ያደርግለታል አለ። ደርበው ከንፈሩን አይቶ ፈገግ ብቻ አለ። ኑርዬ ዳሽቦርዱን በስቶ ጌጁን አስገባ፣ ሽቦውን ሳበ። የሞተሩ ቀዳዳ ግን ለጌጁ ጫፍ ሰፋበት። ቀትር ነበር፣ አገሩ ሁሉ ፈዟል። በማይሰማው ጆሮው ጌጁ ሲናገር የሰማ መሰለው፤ የነሐስ ማያያዣ ካልመጣልኝ አላነብም አለ።

ደርበው ጋራዡ ጥግ ወደ ወደቀው ነሐስ ሄደ። አያ ነሐስ፣ ማያያዣ ሁን፤ ጌጁ አላነብም ብሏል። ነሐሱ፣ የብረት መቅረጫው ቶርኖ ካልቀረጸኝ አልሆንም አለ።

ወደ ቶርኖው ሄደ። አያ ቶርኖ፣ ነሐሱን ቅረጽ፤ ነሐሱ አልሆንም ብሏል፣ ጌጁ አላነብም ብሏል። ቶርኖው፣ መብራት ጠፍቷል፤ ጄኔሬተሩ ካላዞረኝ አልቀርጽም አለ።

ወደ ጄኔሬተሩ ሄደ። አያ ጄኔሬተር፣ ቶርኖውን አዙር፤ ቶርኖው አልቀርጽም ብሏል፣ ነሐሱ አልሆንም ብሏል፣ ጌጁ አላነብም ብሏል። ጄኔሬተሩ እያዛጋ፣ ናፍጣ ሳልጠጣ አላዞርም አለ።

ናፍጣው በመኪናው ታንክ ውስጥ ተኝቷል። አያ ናፍጣ፣ ውጣ፤ ጄኔሬተሩ አላዞርም ብሏል፣ ቶርኖው አልቀርጽም ብሏል፣ ነሐሱ አልሆንም ብሏል፣ ጌጁ አላነብም ብሏል። ናፍጣው፣ የውሃ ጎማ ካልሳበኝ ከዚህ ጥላ አልወጣም አለ።

በቅርብ ያለው የውሃ ጎማ አንድ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ፣ የሽንኩርት አትክልተኛዋ የዘይነባ። መደቡ መሃል ተጋድሞ ነበር። አያ ጎማ፣ ሳብ፤ ናፍጣው አልወጣም ብሏል፣ ጄኔሬተሩ አላዞርም ብሏል፣ ቶርኖው አልቀርጽም ብሏል፣ ነሐሱ አልሆንም ብሏል፣ ጌጁ አላነብም ብሏል። ጎማው፣ ዘይነባ ካልፈቀደች አልስብም አለ።

ወደ ዘይነባ ሄደ። ጎማው አልስብም ብሏል፣ ናፍጣው አልወጣም ብሏል፣ ጄኔሬተሩ አላዞርም ብሏል፣ ቶርኖው አልቀርጽም ብሏል፣ ነሐሱ አልሆንም ብሏል፣ ጌጁ አላነብም ብሏል። ዘይነባ መኮትኮቷን ሳታቆም ፊቷን አዞረች። ደርበው ከንፈሯን ለማየት ዞሮ ቆመ።

«ጋሼ ደርበው፣ ስታልፍ ስጣራህ አምስት ወር ሆነኝ፤ ቀና ብለህ አታይም። ኮራህብን። ዛሬ ለጎማ ሲሆን እግርህ አወቀን?»

ደርበው ጭነቱን አሰበ። ዘወር ሲል ኑርዬ ተከትሎት መጥቶ ከኋላው ቆሞ ሲሰማ አየ። 

«ኩራት አይደለም፣ ዘይነባ። ጆሮዬ ነው። ሞተሬንም አልሰማውም።»

ዘይነባ መኮትኮቻዋን አስቀመጠች። ቃሉ እንዲታየው ቀስ ብላ፣ «ይህን ለመናገር አምስት ወር ፈጀብህ?» አለችው። «በል ውሰድ። ስትመልሰው በሳሙና እጠበው፤ ሽንኩርቴ ናፍጣ አይወድም።»

ዘይነባ ፈቀደች፣ ጎማው ሳበ፣ ናፍጣው ወጣ፣ ጄኔሬተሩ ጠጥቶ አዞረ፣ ቶርኖው ቀረጸ፣ ነሐሱ ማያያዣ ሆነ፣ ጌጁም አነበበ። መርፌው እንደ እንቅልፋም ቀስ ብሎ ተነሳና መሃል ላይ ቆመ። ኑርዬ አልቀለደም። የጌጁ መስታወት ላይ ቀይ መስመር አሰመረለትና፣ መርፌው ከዚህ ካለፈ እንዲቆም በጣቱ አሳየው። ጭነት ለሚያስጭኑትም፣ ደርበው አሁን በዓይኑ ነው የሚነዳ፣ እኔ እመሰክራለሁ አላቸው።

ወሬውን ያመጣልኝ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ደርበው የዘይነባን ሽንኩርት ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሲወጣ አይቶታል። እሷ አሁን አትጣራም፤ ሻሿን ከፍ ታደርጋለች፣ እሱም አንድ እጁን ከመሪው ያነሳል። ይህን የሰማሁት ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነው፣ ሐሙስ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የነገረኝ ሰው የለም።